ለአንድ ጣሪያ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ

በካሊፎርኒያ ቤቱን የሚያሳድስ ሰው ለኮንትራክተሩ የተዋዋሉትን ገንዘብ አንድም ሳንቲም ሳያስቀር ከፍሎ ዕዳ ሊመጣበት ይችላል። ኮንትራክተሩ ገንዘቡን ተቀብሎ ጣሪያውን ለሠራው ንዑስ ተቋራጭ ወይም እንጨቱን ላቀረበው ነጋዴ ሳይከፍል ሲቀር፣ እነሱ በቤቱ ላይ «ሊየን» የሚባለውን የዕዳ መያዣ ያስመዘግባሉ። ፍርድ ቤት ካጸናው ቤቱ እስከ መሸጥ ይደርሳል። «እኔ ከፍያለሁ» ማለት ብቻውን አያድንም። ሸክሙ በባለቤቱ ላይ መውደቁ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሕጉ ግን እንዲህ ስለሆነ ጥንቃቄው ቼኩ ከእጅ ሳይወጣ መጀመር አለበት።

ሥራው እንደተጀመረ በፖስታ የሚደርሰውን ቅድመ ማስታወቂያ ብዙ ሰው ክስ መስሎት ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ይጥለዋል። አትጣሉት። ንዑስ ተቋራጮችና ዕቃ አቅራቢዎች ሥራ በጀመሩ ወይም ዕቃ ባቀረቡ በ20 ቀን ውስጥ የሚልኩት የመብት ማስጠበቂያ ነው። ለእናንተ ደግሞ ከቤታችሁ ገንዘብ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ የሚነግር የስም ዝርዝር ነው። ዘግይቶ ቢመጣም ከመላኩ በፊት ያሉትን 20 ቀናት ይሸፍናል። በደመወዝ የሚሠራው ሠራተኛ ግን ማስታወቂያ ባይልክም መብቱ አይቀርበትም፤ የእነዚህን ሠራተኞች ስም ከኮንትራክተሩ ጠይቁ።

በየክፍያው በዝርዝሩ ካለው ከእያንዳንዱ ሰው መብቱን የተወበት ሰነድ ተቀበሉ። ሰነዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ገንዘቡ ሲደርሰው ብቻ የሚጸናው ከቼኩ በፊት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚጸናው ቼኩ ከተመነዘረ በኋላ ይፈረማል። የሰነዱን ቃላት ሕጉ ስለወሰነ፣ አንድ ሰው በራሱ አነጋገር የጻፈውን አትመኑ። ብዙዎች የሚሳሳቱት የኮንትራክተሩን ፊርማ ብቻ ይዘው ሲረኩ ነው፤ የእሱ ፊርማ የንዑስ ተቋራጩን መብት አያስቀርም። ጥርጣሬ ካለ ቼኩን በሁለቱም ስም ጻፉት፤ ሁለቱም ካልፈረሙበት አይመነዘርም።

ቅድሚያ ክፍያው በአብዛኛው ከውሉ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው መብለጥ የለበትም። ቀጣዩም ክፍያ ከተሠራው ሥራ አይቅደም።

ሥራው ሲያልቅ በ15 ቀን ውስጥ የማጠናቀቂያ ማስታወቂያ በካውንቲው መዝገብ ቤት አስመዝግቡ። ይህን ስታደርጉ፣ ማስታወቂያው ባይመዘገብ 90 ቀን ይሆን የነበረው የሊየን ማስመዝገቢያ ጊዜ ለኮንትራክተሩ ወደ 60፣ ለንዑስ ተቋራጮችና ለአቅራቢዎች ወደ 30 ቀን ያጥራል። የመጨረሻው ክፍያ ከእነዚያ 30 ቀናት በኋላ እንዲሆን ከመጀመሪያው በውሉ አስገቡ። ሊየን ተመዝግቦ ከተገኘም ቀኑን ቁጠሩ፤ ያስመዘገበው ሰው በ90 ቀን ውስጥ ክስ ካልመሠረተ መያዣው አይጸናም፤ ከመዝገቡ እንዲሰረዝም ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላላችሁ።