«ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሩት» ለምትሉ ሁሉ

እረ በማርያም፣ ስንት ጊዜ ይባል! ጣና ዳር አንድ ያረጀ ሞተር ጀልባ ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ሐኪም ነው። «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሩት።» አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሁለት ቀን ይሠራል፣ በሦስተኛው ቀን ያው «ቀጭ»። ቀጥሎ «ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ነው» ይባላል፤ ይወርዳል፣ ካርቦኑ ይቀየራል፣ ይገጠማል። አሁንም «ቀጭ»። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። አንድ ቴስተር አውጥቶ መለካት ምን ያህል ከብዶ ነው?

እንዲህ ነው የሚለካው። ጀልባዋ ካደረች በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ፣ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ያዙር፣ ሌላው ቴስተሩን ይይ። ንባቡ ከ9.6 በላይ ከቆየ ባትሪውን ተዉት። ሙሉ ሆኖ ሳለ ወዲያው ወደ 7 ከወረደ፣ እሺ፣ ያኔ ባትሪውን ጠርጥሩ፤ እሱም ቢሆን ሞተሩ በእጅ ሲዞር ያልተያዘ መሆኑ ከታየ በኋላ ነው። «ቀጭ» እያለ ባትሪው 12.5 ላይ ፍንክች ካላለ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ኃይሉ ጭራሽ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ታግዷል።

የታገደበትን ቦታ ለማግኘት ምንም መፍታት አያስፈልግም። የቴስተሩን ቀይ ገመድ የባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ (ማሰሪያው ላይ አይደለም፣ ከባትሪው የወጣው ጉጥ ራሱ ላይ)፣ ጥቁሩን ወፍራሙ ሽቦ ሞተሪኖው ላይ የሚታሰርበት ቡሎን ላይ አድርጉና ቁልፉ ይዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ችግሩ በዚያ መስመር ላይ ነው፤ ወይ ገመዱ፣ ወይ ማሰሪያው፣ ወይ የሶሌኖይዱ (ቁልፉ ሲዞር ኃይሉን ለሞተሪኖው የሚያገናኘው) ውስጥ የተቃጠለ መዳብ። ከዚያ ማሳውን፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን የኔጌቲቭ መስመር፦ ከባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ እስከ ሞተሩ አካል። ከ0.3 በላይ ካለ ማሳው ነው። እና አሮጌ ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ ማሳው ነው! ሁሉም ቀዩን ሽቦ ያባብላል፣ ጥቁሩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

«ግን መብራቱ እኮ በደንብ ይበራል» የምትሉ አላችሁ። አዎ ይበራል። አምፖል የሚስበው አንድ ሁለት አምፔር ነው፤ ሞተሪኖ መቶና ከዚያ በላይ ይስባል። 0.03 ኦም የምታህል የዝገት እገዳ ለአምፖሉ ምኗም አይደለች፣ በ100 አምፔር ላይ ግን 3 ቮልት ትበላለች። ለዚህ ነው አዲሱ ባትሪ ሁለት ቀን «የሠራው»፤ ሲገጠም ማሰሪያው ስለተነካካ እንጂ አሮጌው ስለሞተ አይደለም። መድኃኒቱ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ማሰሪያውን ፍቱ፣ ሁለቱንም ፊት እስኪያብረቀርቅ ፈትጉ፣ በደንብ አጥብቁ፣ ከዚያ ከላይ ቫዝሊን ቀቡ። ከላይ ነው ያልኩት፣ መሐሉ ላይ አይደለም። ሽቦው ተልጦ ውስጡ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቀይ መዳብ እስኪመጣ ቁረጡት። በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይባልም፤ ናስትሮ እርጥበቱን ውስጥ አስሮ ያስቀምጠዋል።

ሌላው ጉድ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል። «ዲናሞው ቻርጅ ማድረጉን ልየው» ብሎ። የዛሬ አርባ ዓመት መኪና ላይ ለምደውት ይሆናል፣ እዚህ ግን የሬክቲፋየሩን (የሞተሩን ኃይል ለባትሪው ቻርጅ የሚያስተካክለውን ዕቃ) ዳዮዶች ያቃጥላል። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከታየ ቻርጅ አለ፣ አለቀ። ባትሪን አገላብጦ ማሰርም ያንኑ ዕቃ በአንድ አፍታ ይገድላል።

ሞተሩ እየዞረ አልነሳ ሲል ደግሞ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) አሥር ጊዜ ይነቀላል። መጀመሪያ የማጥፊያዋ ቀይ ገመድ (ነጂው ላይ ታስራ ስትነቀል ሞተሩን የምታጠፋው) ቦታዋ ላይ መሆኗን አይቶ የሚጀምር ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። ካንዴላው እሳት ካልሰጠ የእነዚህ ሞተሮች ማጥፊያ የሚሠራው ሽቦውን ከማሳ ጋር በማገናኘት መሆኑን አስታውሱ፤ አሮጌ ማብሪያ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ራሱ ያገናኘዋል። ያማሃ ላይ ነጩ ሽቦ ነው። ለፍተሻ ብቻ ከሲዲአዩ (እሳቱን ከሚያዘጋጀው ሳጥን) ንቀሉትና ሞክሩ። እሳቱ ከመጣ ሲዲአይ ልትገዙ ያወጣችሁትን ብር ወደ ኪሳችሁ መልሱ፣ ጥፋተኛው ማብሪያው ነው። ያኔ ሞተሩ በቁልፍ ስለማይጠፋ ቾክ ስቡለት። እሳት ስትፈትሹ ደግሞ ካንዴላውን በእጅ አትያዙ፣ አጠገባችሁም የተከፈተ የቤንዚን ጀሪካን አይኑር፤ ይሄም ይነገራል እንግዲህ።

ቤንዚኑ ላይ ብዙ አልልም። ቱቦው መሐል ያለችው የእጅ ፓምፕ ስትጨመቅ መጠንከር አለባት። ሞተሩ እየሠራ ወደ ውስጥ ከተጠባች የታንከሩ የአየር ቀዳዳ ተዘግቷል። ጭራሽ ካልጠነከረች አየር የሚያስገባ ቦታ አለ፣ ወይም የራሷ ቫልቭ አልቋል። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል እሷን መጭመቅ የሚያድነው ከሆነ የቤንዚን ፓምፑን ላስቲክ እዩ። ዘይቱ ደግሞ፣ አብዛኞቹ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ይፈልጋሉ፣ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ፣ ጣሳው ላይ «ቲሲ-ደብሊው 3» የሚል። ለሞተር ሳይክል የሚሸጠውን «ያው ቱ ቲ ነው» ብላችሁ የምትጨምሩ፣ የመኪና ሞተር ዘይት የምትጨምሩማ፣ ካንዴላው ጠቆረ ብላችሁ አታልቅሱ።

ካንዴላ መጥቆሩ ካነሳን አይቀር፣ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ባለ 40 ፈረስ ጉልበቱም ወደ 33 ይወርዳል። ይሄ ብልሽት አይደለም! ዋናውን ጄት (የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ) በአንድ ደረጃ ማሳነስና በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አነስ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ነው። ሞተሩ ተሽጦ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጫሞ ከወረደ ጄቱ መመለስ አለበት፣ አለበለዚያ ቤንዚን አንሶት ፒስተኑ ይነክሳል።

እዚህ ላይ ነው የሚያናድደው፦ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ይለካና «መጽሐፉ 120 ይላል፣ ይሄ 100 ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ተብሎ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይከፈታል። ወንድሜ፣ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ ጤነኛ ሞተር እዚህ 100 ቢያሳይ ምን ይገርማል? መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መሐል ያለው ልዩነት ነው። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ፣ ሁሉም እኩል ጊዜ ዞሮ፣ አንዱ ከሌላው ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ ያኔ ክፈቱ።

ማቀዝቀዣውስ! ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል አመል ከመኪና ጋራዥ ወደ ሐይቁም ወርዷል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ቤንዚኑ በደንብ አይነድም፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ካንዴላ ይገዛል። ሙቀት ከበዛ መጀመሪያ ከኋላ በቀጭኑ የሚፈሰውን ውሃ እዩ። ከደከመ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጠርጉ፣ ከዚያ የውሃ ፓምፑን ጎማ ፈትሹ። ጣና ደለል ይበዛበታል፣ ደለል ጎማ ይበላል፤ በየዓመቱ መለወጥ ቅንጦት አይደለም። አሮጌው ሲወጣ ክንፉ ተቆርጦ ከሆነ ቁራጮቹን በሙሉ ፈልጉ፣ ካልተገኙ ወደ ላይ ወጥተው የውሃ መንገዱን ዘግተዋል። አዲሱ በሳሙና ውሃ ይርጠብ፣ ክንፎቹም ጫፋቸው ከመዞሪያው አቅጣጫ በተቃራኒ ተጠማዞ ይግቡ። እና እባካችሁ ሞተር ደረቅ መሬት ላይ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» አታስነሱ። ያቺ ደቂቃ ጎማውን ትጨርሰዋለች። ግማሽ በርሜል ውሃ አይጠፋም።

እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ደግሞ በሰሜን ምሥራቁ ዳር በኩል የሚሄድ ሁሉ ይሄን ይወቅ፦ የውሃ መግቢያው ሲሸፈን ጋዝ መጨመር ሞተር ማቃጠል ነው። ቀንሱ፣ በዝግታ ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ፣ አንዳንዴ ያራግፈዋል። እምቢ ካለ አጥፉና አንስታችሁ በእጅ አጽዱ።

ከእምቦጩ የባሰው የመረብ ናይሎን ነው። ከፕሮፔለሩ ኋላ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና የዘይት ማኅተሙን ይቆርጣል። ፕሮፔለሩን አውርዶ ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ የሚያየው የለም። የታችኛውን ማርሽ ዘይት ስታወጡ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ማኅተሙ ሳይቀየር ዘይት ብቻ መቀየር ብር ሐይቅ ውስጥ መወርወር ነው። ስትሞሉም በታችኛው ቀዳዳ፣ ከላይኛው እስኪፈስ። ከላይ የምታንቆረቁሩ ሰዎች አየር አስራችሁ ግማሹን ብቻ እየሞላችሁ ነው። ከዚያ ማርሹ ሲበላ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ትላላችሁ።