እድራችን አለንን አገኘ

ባለፈው እሁድ ማታ የእድራችን የኦንላይን ስብሰባ ነበር፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያም ያለነው። ስገባ ከሰው ቀድሞ የጠበቀኝ ማን መሰላችሁ? የአንዱ አባላችን ማስታወሻ ያዥ። ቦት ነው፣ በሰው ፈንታ ስብሰባ ገብቶ የሚጽፍ ፕሮግራም። ሰውየው ራሱ የለም። ድሮ ጌታው ሲሄድ አሽከር ይከተለው ነበር፣ ዛሬ ጌታው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ አሽከሩን ብቻ ይልካል፣ ስልጣኔ እንዲህ ነው እንጂ!

ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ "ትራንስክሪፕት ኦን አድርጌያለሁ፣ በኢሜይል ይደርሳችኋል" የሚለው (የተባለው ሁሉ በጽሑፍ ይያዛል ማለቱ ነው) ወንድማችን አለ፣ ዕድሜ ይስጠው። የሜሪላንድ ሕግ ተነጋጋሪው ሁሉ ካልፈቀደ አትቅዳ ይላል፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረህ ቨርጂኒያ ከገባህ ግን የአንድ ሰው ፈቃድ ይበቃል። የኛ ሰው ድልድዩ መሃል ነው መሰለኝ የሚኖረው።

ካፕሽኑ (ንግግራችንን እየሰማ ስክሪን ላይ የሚጽፈው) ታዲያ እንግሊዝኛ ላይ ነው፣ እኛ የምናወራው አማርኛ። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠርገው "ገንዘብ አለን" አሉ። ስክሪኑ "ገንስ አፕ፣ አለን" ብሎ ጻፈው። ሽጉጥህን አንሳ አለን! አሜሪካ ተቀምጠን! "አለን" የፈረንጅ ስም ሆነ እኮ፣ አለን የሚባል አባል ግን የለንም። ሰብሳቢው "ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ድስት አለን" ባሉ ቁጥር ሰውየው እየገነነ ሄደ፣ በመጨረሻ ማሽኑ ራሱ ጽፎ በላከው ማጠቃለያ ላይ ከሁላችን በላይ የተጠራው እሱ ነው፣ ድንኳኑን እንዲከታተል ተመድቧል፣ ስለ መሳሪያውም በሚቀጥለው ስብሰባ ማብራሪያ ይሰጣል። ገንዘብ ያዣችን (እሳቸው ማጠቃለያውን ብቻ ነው ያነበቡት) "ይሄ አለን የሚባለው መዋጮ ከፍሎ ያውቃል እንዴ?" ብለው ደወሉልኝ። ሦስት ወር አሳልፏል አልኳቸው፣ ይቀጣ አሉ።

እስከዚህ ሳቅን። ግን እዛው ስብሰባ ላይ አንዲት እህታችን የባሏን ህመም ነግራናለች፣ እንባዋ እየተናነቃት። የሐኪሙን ቃል በእንግሊዝኛ ስለተናገረችው ማሽኑ አንዲት ፊደል እንኳን አልሳተም! ለመጣውም ላልመጣውም ተላከ፣ የት እንዳለ በማናውቀው ሰርቨር ላይም ተቀመጠ። ምን ነካችሁ? እሷ እኮ የነገረችው ለእኛ ነው! መስማት ለሚቸግረው ሰው ካፕሽን ይብራ፣ ታይቶ ያልፋል፣ ማን ከለከለ። አስቀምጣችሁ በትኑት ያላችሁ ማነው?

እኔማ እጄን አውጥቼ "አልስማማም" ብዬ ነበር። ካፕሽኑ "ኦልስ ማማ" ብሎ መዘገበኝ፣ ማጠቃለያው ደግሞ "ኦል" የምትለዋን ይዞ "ሁሉም ተስማምተዋል" አለ። ሃሳቡን ያቀረበው ማን ይላል? አለን።