ስልኩን ለልጁ ተዉለት

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንደሚያድጉት ተማሪዎች ያለ ጨዋ ትውልድ ይህች አገር አፍርታ አታውቅም። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አንገታቸውን ይደፋሉ። እኛ እኮ መምህሩ ላይ አፍጥጠን ነበር የምንማረው። ምን ዓይነት ስድነት ነው! እነዚህ ግን ጭምት ናቸው። ዓይናቸው ከጭናቸው አይነሳም። አንዳንዴ ብቻ ፊታቸው ከታች በኩል ወገግ ይልና ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ። ትምህርቱ ገብቷቸው ነዋ።

ኖት መገልበጥ የሚባለውን ባርነትም ያስቀሩልን እነሱ ናቸው። ድሮ መምህሩ ዳስተሩን ሲያነሳ «ቲቸር ቆይ፣ አልጨረስኩም!» የሚል ለቅሶ ነበር። አሁን የክፍሉ እጅ በሙሉ በአንዴ ይነሳል። ጥያቄ ሊመልሱ አይደለም፤ ሰሌዳውን ፎቶ ሊያነሱ ነው። ቀጭ! ባዮሎጂ ተጠናቀቀ። ፎቶው በልደት ኬክና በአዲስ ጫማ መሀል በክብር ይቀመጣል። እስከ ፈተና ዋዜማ የሚነካው የለም። በዋዜማው ስልኩ «ሞልቻለሁ» ይላል፤ መጀመሪያ የሚሰረዘውም የሰሌዳው ፎቶ ነው። ሚቶኮንድሪያ ለቲክቶክ ቦታ ይልቀቅ እንጂ! መደነስ ይችላል?

የአቀማመጡ ሥርዓትም ተሻሽሏል። ድሮ ጎበዝ ፊት፣ ሰነፍ ኋላ ነበር። አሁን የክብር ቦታው ሶኬቱ ያለበት ግድግዳ ሥር ነው። ማታ መብራት የጠፋ እንደሆነ ልጁ በጠዋት ማንም ሳይቀድመው ክፍል ይገኛል። ዩኒት ሊደሩ ዕድሜውን ሙሉ በአርጩሜ ያላስቀረውን ማርፈድ አንድ ቻርጀር አስቀረው።

ምስኪኑ ዩኒት ሊደር ግን ይህ አልገባውም። ስልክ እየነጠቀ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል። «ወላጅ ይዘህ ና» ይላል። ወላጅ ይመጣና «ልጄን በምን ላግኘው?» ብሎ ይቆጣል። ደግ ያድርግ! መምህሩ የኦምን ሕግ ሲያስረዳ ደውላ «ቁልፉን የት ጣልሽው?» ያላለች እናት ምኑን እናት ሆነች? መምህሩም ቢሆን አይታማም። «ስልክ አጥፉ!» ብሎ ሳይጨርስ የራሱ ይጮኻል። «ክላስ ነኝ፣ ግን ቀጥል» ይላል። የለገጣፎ መሬት ነው። ካሬው ስንት እንደሆነ፣ ካርታው የማን እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። ያን ቀን አንድም ልጅ ስልኩን አይነካም። (በደመወዙ ብቻ ይኑር የሚል ካለ እጁን ያውጣ።)

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 ስልክን ከአንደኛና ከመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሕግ አግዳለች አሉ። ያው የሥልጣኔ እጥረት ነው። እኛ በ1990ዎቹ መጨረሻ በየክፍሉ ፕላዝማ የሰቀልን ሕዝብ ነን! የፕላዝማው መምህር ገባችሁ አልገባችሁ ሳይል በእንግሊዝኛ ሽምጥ ይጋልብ ነበር። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ ሲሰለች ወደ ሌላ ቪዲዮ ማለፍ አይቻልም። ስልክ ያንን ጉድለት ሞላው።

ምቀኛ ግን አያርፍም። ትምህርት ሚኒስቴር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። በር ላይ ፍተሻ፣ ስልክ ክልክል። ውጤቱን ሁላችንም አየነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ! የቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ! ልጅን ከስልኩ በግድ ለይቶ ሌላ ምን ይጠበቃል? በ2008 ፈተናው ራሱ ቀድሞ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ተማሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ በሚገባ ሊዘጋጅ ነበር። እሱንም ሰረዙበት።

ለወላጅ ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለኝ። ለላይብረሪ መጽሐፍ ተብሎ የሚዋጣው ብር ለዋይፋይ ይዋል። መጽሐፉን እንደሆነ አንዱ ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ ይለቀዋል።