ይድረስ ያለ ፈቃድ አውሮፕላን ለሚያበሩት ክቡር ካፒቴን

ክቡር ካፒቴን ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከእርስዎ በታች የምንኖር ሰዎች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ይህን ደብዳቤ እስከጻፍንበት ሰዓት ድረስ ደህና ነን።

«ካፒቴን» ያልንዎት ከራስዎ አፍ ሰምተን ነው። መነጽሩን ገዙ። ትከሻው ላይ አራት ሰረዝ ያለበትን ሸሚዝ አሰፉ። የቀረችው ትንሽ ነገር ትምህርቱ ነበረች። ዓለም አቀፉ ደንብ ለግል አብራሪ በመደበኛው 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ፈተናም አለው፣ የጤና ምርመራም አለው። እርስዎ ግን ኮምፒውተር ላይ ጌም ተጫውተዋል። ስንቴ በሰላም እንዳረፉ ይነግሩናል፤ ስንቴ እንደተከሰከሱ የሚያውቀው ጌሙ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምተው ሁለቱንም ለራስዎ ሳይወስዱት አልቀሩም። ሰው በሚበዛበት ሰፈር ላይ የሚበር፣ በአካባቢው ካለው ረጅም ነገር ቢያንስ 300 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እርስዎ ባለፈው ሲያልፉ የሸሚዝዎን ቁልፎች ቆጥረናል። አንዷ የለችም። እጃችንን ወደ ላይ ስናነሳ ሰላምታ መስሎዎት አውለበለቡልን። ጭንቅላታችንን እየሸፈንን ነበር።

ለመሆኑ ከመነሳትዎ በፊት አውሮፕላኑን ዞረው ያዩታል? ፈቃድ ያላቸው አብራሪዎች አንድ አሰልቺ ልማድ አላቸው። ክንፉ ሥር ጎንበስ ይሉና ትንሽ ነዳጅ በብልቃጥ ቀድተው ወደ ብርሃን ያነሱታል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል። በሰማያዊው ነዳጅ ሥር ቀለም የሌለው ጠብታ ከታየ፣ ንጹህ ነዳጅ ብቻ እስኪወርድ ደጋግመው ይቀዳሉ። ያ ጠብታ ሞተሩ ጋ ቢደርስ ሞተሩ ትን ይለዋል። እርስዎን ጎንበስ ብለው ያየንዎት አንዴ ብቻ ነው፤ የጫማዎን ክር ሲያስሩ።

ሬዲዮውንም ዘግተውታል አሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ጥያቄ ያበዛሉ፣ እውነትዎን ነው። የት እንዳሉ ለራዳር የሚናገረውን ትራንስፖንደርም አጥፍተውታል። ሰው ትሑት ሲሆን እንዲህ ነው፤ መታየት አይወድም።

ከሁሉም የገረመን ግን የደመናው ነገር ነው። «ደመና ምን ያደርጋል? ሰንጥቄው አልፋለሁ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሞክሮት ነበር። በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች፣ አስተማሪ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ውጭው እንዳይታያቸው ተደረገ። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጉዱ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ አንድ ክንፉን ጥሎ ሲዞር፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን «ቀጥ ብለሃል» ይላል። ሲያቃኑት ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ያጋደሉ ይመስልዎታል፤ ስለዚህ መልሰው ይጥሉታል። እንዲህ እየተሽከረከሩ መውረድ ነው። ለእነዚያ ሰዎች አስተማሪው ደረሰላቸው። ከእርስዎ አጠገብ የተቀመጠው ግን የአክስትዎ ልጅ ነው፤ እሱም ሰልፊ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፈቃድ ያለው ሁሉ ጨዋ ነው አንልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ባለ ፈቃድ፣ ለቪዲዮ ሲል አውሮፕላኑን አየር ላይ ጥሎ በፓራሹት ዘለለ። ፈቃዱን ተነጠቀ። ስብርባሪውን አጥፍቶ መርማሪዎችን በማሳሳቱም 6 ወር እስር ተፈረደበት። እርስዎ በዚህ በኩል ብልህ ነዎት፤ የሚነጠቅ ፈቃድ የለዎትም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከታች ያለነው

ማሳሰቢያ፦ የአክስትዎ ልጅ ይህን ደብዳቤ አንብቦታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመሳፈሩ በፊት ፈቃድዎንና የጤና ማስረጃዎን አሳዩኝ ይላል። «ቤት ረስቼው ነው» ካሉት፣ እሱም ድፍረቱን ቤት ረስቶ መጥቷል።