ጣርማበርን ራስ መንዳት ወይስ ከአስጎብኚ ጋር

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ የጉዞ ጽሁፍ ከአዲስ አበባ ደብረ ሲና ለመሄድ መኪና ተከራይቶ ራስን መንዳት ይሻላል ይላል፣ እኔ ግን በግማሹ ነው የምስማማው። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ምንም አይልም፣ ሰንዳፋም ሸኖም ቆም ብለህ ሻይ ትጠጣለህ ማንም አያጣድፍህም። ከደብረ ብርሃን አልፈህ ደብረ ሲና ሳትደርስ ያለው የጣርማበር ተራራ ግን ሌላ ነገር ነው!! ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ሆነህ ጉሙ ድንገት ይመጣና ከፊትህ ያለው ተሳቢ እንኳን አይታይህም፣ ጣሊያን የሰራውን ዋሻ አልፈህ ቁልቁለቱን ስትጀምር ደግሞ በከባድ ማርሽ (በዝቅተኛው) ካልወረድክ ፍሬኑ ይግላል። እኔ አምና ልጆቼን ይዤ ራሴ ነዳሁ፣ እነሱ "አባዬ ገደሉን እይ፣ ጭላዳዎቹን እይ" ሲሉኝ እኔ ያየሁት አስፋልቱን ብቻ ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በሁለተኛው ጉዞ ከአስጎብኚ ጋር በሚኒባስ ሄድን፣ ሹፌሩ የአካባቢው ልጅ ስለሆነ ጉሙ እስኪገፈፍ ደብረ ብርሃን ቁርስ አስበላንና ከዛ ወሰደን፣ ያን ቀን ነው ቁልቁል ያለውን ቆላ በደንብ ያየሁት። ዋጋው ይወደዳል አዎ፣ ግን አራት አምስት ሆናችሁ ከተካፈላችሁት ከኪራዩና ከነዳጁ ብዙም አይርቅም። ራሴ ካልነዳሁ የምትሉ ቢያንስ ክረምት ላይ አትሂዱ፣ ጥቅምት ይሻላል፣ ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም እዛ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።