ቴሌግራም ላይ ጎበዝ፣ አሳይመንት ላይ ዱዳ

አሜሪካ ያለን ወላጆችም አገር ቤት ያሉትም የምንስማማበት ወሬ ቢኖር "ስልክ የልጆቹን ጽሑፍ ገደለው" የሚለው ነው። እኔ ግን አይዋጥልኝም።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ 189 ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትሎ የጻፉትን ሰብስቦ ነበር፤ የክፍሉን ሥራ፣ ኢሜይሉን፣ ቻቱን ሳይቀር። 38 በመቶው ከክፍል ውጪ የተጻፈ ነው። ጥናቱን የመሩት ፕሮፌሰር አንድሪያ ላንስፎርድ እንዳዩት ልጆቹ ለማን እንደሚጽፉ አሳምረው ያውቃሉ፤ የቻት አጻጻፍም አንደኛ ዓመት ወረቀታቸው ውስጥ ሾልኮ አልገባም።

አገር ቤት ያለው የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለ አርሰናል ሲከራከር ጉድ ነው። ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስለት ቀድሞ ይገምታል፣ "እሺ፣ ባለፈው ተሸንፈናል፣ ግን..." ብሎ ያመነውን አምኖ ይቀጥላል፣ ማስረጃ ይደረድራል፣ የት ላይ እንደሚቀልድም ያውቅበታል። ዩኒቨርሲቲ የጻፈውን አሳይመንት ሲልክልኝ ግን "ትምህርት ለአገር ዕድገት ቁልፍ ነው" የሚል መግቢያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ከጎግል የተገለበጠ ሁለት ገጽ። ያ ተከራካሪ ልጅ የት ገባ?

ቋንቋው አንድ ነገር ነው፤ ክርክሩ በአማርኛ፣ አሳይመንቱ በእንግሊዝኛ። ዋናው ግን እሱ አይመስለኝም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ከኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ አንዱን መምረጥ። ኖት ሲገለብጥ የኖረ ልጅ "አንተስ ምን ትላለህ?" ሳይባል ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

እዚህ ኮሌጅ የሚያመለክት ልጅ ኮመን አፕ በሚባለው ማመልከቻ ላይ እስከ 650 ቃል ስለ ራሱ ይጽፋል። ከፍሎ የሚያስጽፍ አይጠፋም፣ ወላጁ የሚጽፍለትም አለ፣ አናካብድ። ቢያንስ ግን ሐሳቡን ይጠየቃል። የልጄ አስተማሪ አንዴ አንዱን ጉዳይ ለጓደኛ በቴክስት፣ ለርዕሰ መምህር ደግሞ በደብዳቤ ጻፉት ብላ አዘዘቻቸው። ማርኩ የተሰጠው ምኑን ለምን እንደቀየሩ ላስረዱበት ነው። ያ ስልክ ላይ የለመዱት ነገር ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

የእህቴን ልጅ "እስቲ አሳይመንቱንም ግሩፑ ላይ እንደምትከራከረው አድርገህ ጻፈው" ብለው ሳቀብኝ።

"ጋሼ ደግሞ፣ መምህሩ የሚፈልገው እኮ ሃንድአውቱ ላይ ያለውን ነው።"