ማስተካከያ፦ በአንጉላር ቅጽን ከላኩ በኋላ ስለማጽዳት
ቀደም ሲል ባቀረብሁት ጽሑፍ፣ በአንጉላር (የድር መተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ) የተሠራ ቅጽ ከተላከ በኋላ በፎርም ግሩፑ (የቅጹን መስኮች በአንድነት በሚይዘው የኮድ ክፍል) ላይ «ሪሴት»ን (reset) መጥራት ብቻ የስህተት መልእክቶችን ሁሉ እንደሚያጠፋ የገለጽሁት ስህተት ነው። ከይፋዊው ሰነድና ከምንጭ ኮዱ እንደሚታየው፣ ይህ ጥሪ መስኮቹን ባዶ አድርጎ ወዳልተነኩበት ሁኔታ ቢመልሳቸውም፣ ቅጹ መላኩን የሚያመለክተው እሴት የሚገኘው ፎርም ግሩፑን ከገጹ ቅጽ ጋር በሚያገናኘው ዳይሬክቲቭ (FormGroupDirective) ላይ ስለሆነ ሳይለወጥ ይቀራል። አንጉላር ማቴሪያል (የአንጉላር ዝግጁ የገጽ ክፍሎች ስብስብ) ደግሞ ስህተትን ለማሳየት የመስኩን መነካት ወይም የቅጹን መላክ ስለሚመለከት፣ አሁን ባዶ የሆነው የግዴታ መስክ ወዲያው በቀይ ይከበባል፤ ተጠቃሚውም የላከው ነገር ያልደረሰ ይመስለዋል። መጠራት ያለበት የዳይሬክቲቩ «ሪሴትፎርም» (resetForm) ነው፤ እሱ ራሱ «ሪሴት»ን ስለሚጠራ ሁለቱን መደርደር አያስፈልግም። መልእክቶቹን ለመደበቅ ሲባል ቫሊዴተሮችን (የመስክ ማረጋገጫ ደንቦችን) አንሥቶ መልሶ የሚጨምር ኮድ የጻፋችሁ ካላችሁ፣ ልታስወግዱት ትችላላችሁ።